ተመላሽ ኮሚሽን፦ ቅናሽ ወይስ ማባበያ?

በአርባ ምንጭ ከተማ በሲቀላ ወይም በሴቻ ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ አስይዘው ፑል ይጫወታሉ እንበል። አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው። ይሁንና ለጠረጴዛው ይከፈላልና ጨዋታው ሲያበቃ የሁለቱ ገንዘብ ተደምሮ ከመነሻው ያንሳል፤ ልዩነቱ በቤቱ ባለቤት እጅ ይገኛል። በኢንተርኔት የሚካሄደው የፖከር ካርታ ጨዋታም በዚሁ መርህ ይመራል። ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ይፎካከራሉ፤ አጫዋቹ ድርጅት ግን ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ኮሚሽን ይቆርጣል። አንዳንድ ድርጅቶች ከቆረጡት ውስጥ የተወሰነውን መቶኛ ለተጫዋቹ ይመልሳሉ። ለመሆኑ ይህ ተመላሽ ኮሚሽን ተጫዋቹን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ይህን ለመመርመር የሚያስችለው መሣሪያ ራሱ ከቁማር ጥያቄ የተወለደ ነው። ፈረንሳውያኑ ፓስካልና ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 ሳያልቅ የተቋረጠ ጨዋታ ገንዘብ እንዴት ሊከፋፈል እንደሚገባ በደብዳቤ ሲወያዩ ለፕሮባቢሊቲ ትምህርት መሠረት ጥለዋል። መሣሪያው የሚጠበቅ ዋጋ ይባላል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ውጤት በመከሰት ዕድሉ ተባዝቶ ሲደመር የሚገኘው አማካይ ነው።

የኮሚሽኑ ስሌት

እውነተኛው ፖከር የተወሳሰበ ስለሆነ ቀለል ያለ ምሳሌ እንውሰድ። አራት ተጫዋቾች በየዙሩ 100 ብር ያስይዛሉ። ድርጅቱ ከተሰበሰበው 400 ብር 5 በመቶውን፣ ማለትም 20 ብር ቆርጦ ለአሸናፊው 380 ብር ይሰጣል። አራቱ በችሎታ እኩል ከሆኑ የእያንዳንዳቸው የማሸነፍ ዕድል 1/4 ነው። የሚጠበቀው ክፍያ 380 × 1/4 = 95 ብር በመሆኑ፣ እያንዳንዱ በአማካይ በዙር 5 ብር፣ በ100 ዙር ደግሞ 500 ብር ይከስራል። ድርጅቱ የኮሚሽኑን 30 በመቶ ቢመልስ ለእያንዳንዱ በዙር 1 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሰዋል፤ ኪሳራውም ወደ 3 ብር ከ50 ሳንቲም ይወርዳል።

ጥቅሙ

የተመላሹ ጥቅም እውነተኛ ነው። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ስለሚከፈል በዕድል ላይ አይመሠረትም። ሁለተኛ፣ በችሎታ በጥቂቱ የሚልቀውን ሰው ከኪሳራ ወደ ትርፍ ሊያሻግረው ይችላል። በአማካይ ከ100 ዙር 26ቱን የሚያሸንፍ ሰው የሚጠበቅ ክፍያው 98 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። ተመላሹ ባይኖር በዙር 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይከስር ነበር፤ በተመላሹ ግን 30 ሳንቲም ያተርፋል።

ጉዳቱ

ይሁን እንጂ ይህ ትርፍ እጅግ ቀጭን ነው። በ100 ዙር የሚጠበቀው 30 ብር ሲሆን የውጤቱ መደበኛ ልይይት 1,670 ብር ገደማ ነው። ያዕቆብ ቤርኑሊ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1713 በታተመው መጽሐፉ የተረጋገጠው የታላላቅ ቁጥሮች ሕግ እንደሚያስተምረን፣ አማካዩ ወደሚጠበቀው ዋጋ የሚቀርበው ሙከራው እጅግ ሲበዛ ነው። በምሳሌያችን የሚጠበቀው ትርፍ ከአንድ መደበኛ ልይይት ጋር የሚስተካከለው ከ300,000 ዙር በላይ ከተጫወቱ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ምሽት ያሸነፈ ሰው «ችሎታ አለኝ» ብሎ መደምደም አይችልም።

ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ተመላሹ የሚሰላው በተጫወቱት መጠን ስለሆነ ብዙ መጫወትን ያበረታታል። ከእኩዮቹ ጋር የሚጫወተው ሰው በ100 ዙር ቢያቆም ኪሳራው ከ500 ወደ 350 ብር ይወርዳል። ተመላሹ አጓጉቶት 143 ዙር ቢጫወት ኪሳራው እንደገና 500 ብር ይደርሳል፤ 200 ዙር ቢጫወት 700 ብር ይሆናል። ባጠቃላይ፣ የሚመለሰውን ክፍልፋይ «ተ» ብንለው፣ የጨዋታው መጠን ከ1/(1 − ተ) እጥፍ ሲያልፍ ተጫዋቹ ተመላሽ ባይኖር ከሚከስረው የበለጠ ይከስራል። ከዚህ እንደምንረዳው ተመላሹ በርግጥ የሚጠቅመው፣ ባይኖርም ያንኑ ያህል ይጫወት የነበረውን ሰው ነው።

በአገራችን

ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በአገራችን ከተሞች የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ኮሚሽኑን በኦድ ውስጥ ይሸሽጋል። እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች ትክክለኛው ኦድ 2 ሆኖ ሳለ 1.90 ቢሰጥ፣ ከ100 ብር 5 ብሩ በአማካይ ተቆርጧል። በአንድ ቲኬት 10 እንዲህ ያሉ ግጥሚያዎች ሲደረደሩ ቅነሳው ይባዛል፤ 0.95 በራሱ 10 ጊዜ ሲባዛ 0.60 ያህል ስለሚሆን ከ100 ብር 40 ያህሉ ይቀራል። በዚህ ላይ የ10 ብር ጉርሻ ቢሰጥ የጉድለቱን ሩብ ብቻ ይሞላል።

እንግዲህ ወላጆቹ በጨንቻ ደጋ ፖም ሸጠው ወይም ሸማ ሠርተው ገንዘብ የሚልኩለት ተማሪ፣ «ስንት ይመለስልኛል?» ከማለቱ በፊት «ስንት ይቆረጥብኛል? ተመላሹ ባይኖርስ ይህን ያህል እጫወት ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «አልጫወትም ነበር» ከሆነ፣ የተሰጠው ቅናሽ ሳይሆን ማባበያ ነው። አንባቢም ለመልመጃ ያህል፣ ተመላሹ 50 በመቶ ቢሆን ድንበሩ ስንት እጥፍ ላይ እንደሚውል ያስላ።