ምግባችንና ማስቀመጫው

ትኩስ ንጥር ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ ሲገለበጥ ምን ይከሰታል? ፕላስቲክ በረጃጅም ሞለኪውሎች የተገነባ ቁስ ነው፤ በመካከላቸው ግን ለማለስለሻና ለሌላም ተግባር የተጨመሩ ትናንሽ ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከውኃ ይልቅ በቅባት ይሟሟሉ፤ ሙቀትም እንቅስቃሴያቸውን ያፋጥናል። ስለዚህ ቅባትና ሙቀት በተገናኙበት ወደ ምግቡ የሚሸጋገረው መጠን ይጨምራል።

ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር እናንብብ። 3 ፒቪሲን ያመለክታል፤ ማለስለሻው ፍታሌት ሊሆን ይችላል። 7 «ልዩ ልዩ» ማለት ሲሆን ከቢስፌኖል ኤ የሚሠራውን ፖሊካርቦኔትም ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረት የሆርሞንን ሥራ የሚያውከውን ይህን ኬሚካል በ2011 እ.ኤ.አ. ከሕፃናት ጡጦ አግዷል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ እገዳውን ወደ ሌሎች የምግብ ዕቃዎች አስፍቷል። 2 እና 5 ለደረቅና ለቀዝቃዛ ምግብ የተሻሉ ናቸው።

አሲድም የራሱ ጠባይ አለው። ሎሚና ቲማቲም የአሉሚኒየምን መከላከያ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያሟሙ፣ የቲማቲም ወጥ በአሉሚኒየም ድስት ማሳደር አይገባም።

ቅባትም ሆነ አሲድ በቀላሉ የማይረታው ጠርሙስ ነው። ቅቤውን ለብ እስኪል ጠብቀን እንገልብጠው፤ ፍል ቅቤ ቀዝቃዛ ጠርሙስን ይሰነጥቃልና።