የጌዴዎን ኤፉድ፦ በጎ አሳብ ስለሚያስከትለው ስሕተትና ስለ ሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጉለሌ ከሚገኙት ሠፈሮች አንዱ ዊንጌት ይባላል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በዚያ ካለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ትምህርት ቤቱም የተሰየመው በ1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብሯቸው በዘመተው በእንግሊዛዊው የጦር መኰንን በኦርድ ዊንጌት ነው። ይህ መኰንን የሚመራውን ጥቂት ሠራዊት «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በጥቂት ሰዎች ብዙውን ድል የነሣውን የእስራኤል መስፍን አስቦ ነው። ሆኖም ያ ጦር ሲገባ አገሩን ባዶ አላገኘውም። አርበኞቻችን 5 ዓመት ሙሉ በዱር በገደሉ ሲዋደቁ ቆይተዋል። ለርዳታ የሚመጣ ሁሉ ከእርሱ በፊት ሲደክም የኖረ ባለቤት እንዳለ ከዚህ መማር ይችላል።

ስለ ጌዴዎን ስናስተምር ድሉን እንተርካለን፤ ከድሉ በኋላ የሆነውን ግን እምብዛም አናነሣም። ሕዝቡ ንገሥልን ባሉት ጊዜ እግዚአብሔር ይግዛችሁ ብሎ እንቢ አለ። ከምርኮው ግን የወርቅ ጉትቻ ለመነ፤ የተሰበሰበውም 1,700 ሰቅል ወርቅ ሆነ። ከእርሱ ኤፉድ ሠርቶ በከተማው በዖፍራ አኖረው (መሳ. 8፥22-27)። ጌዴዎን ይህን ያደረገው በክፋት እንደ ሆነ መጽሐፍ አይናገርም። ነገር ግን እስራኤል ኤፉዱን ተከትለው አመነዘሩ፤ ለራሱና ለቤቱም ወጥመድ ሆነ። ያው ሕዝቡን ያዳነ እጅ ሕዝቡን የሚያሰናክለውን ነገር ሠራ።

ልጆቻችን በፊልም የሚያዩአቸው ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች በድንገት ደርሰው ያድናሉ፥ ወዲያውም ይሄዳሉ። የፈረሰውን ማን እንደሚጠግን ፊልሙ ሳያሳይ ያልቃል። የልማት ሥራ ግን የሚመዘነው ረጂው ከሄደ በኋላ ባለው ዘመን ነው። ስለዚህ የጌዴዎን ታሪክ ለእኛ፥ ለልማት ሠራተኞችና ለሰበካ ጉባኤያት፥ የሚሰጠውን ትምህርት በአገራችን ከታዩ ነገሮች ጋር አያይዘን እንመልከት።

፩. ከዊንጌት በላይ ያለው ዛፍ

ከዊንጌት ወደ ሰሜን ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው የእንጦጦን ተራራ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ያየዋል። አዲስ አበባ በተመሠረተች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ አለቀ። መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር አሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከዚህ ችግር አዳናት። ፈጥኖ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም።

ይህ ውለታ የሚካድ አይደለም። ሆኖም ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ጉዳቱም ታየ። ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። ቅጠሉ ለእንጀራ መጋገሪያ ሲጠረግ ደግሞ የተራራው አፈር ራቁቱን ይቀራል፤ ጎርፍም ይወስደዋል። ታዲያ ዛሬ ተነሥተን ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ እንንቀል ብንል ሁለተኛ ስሕተት እንሠራለን፤ ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶች እንጀራቸው ከዚያ ነውና። በጉለሌ በ705 ሄክታር ገደማ ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የእጽዋት ማእከል ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፎች መተካትን ነው የመረጠው። ጽዱ፥ ወይራውና ኮሶው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ተጠብቀው የኖሩትም አባቶቻችን ሳይቸኩሉ፥ ከዛፉ ጋር አብረው ስለ ቆዩ ነው።

፪. ውኃ ይዞት የመጣው ደዌ

የዛፉ ጉዳት የታየው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የውኃ ሥራ ግን ጉዳቱን በጥቂት ዓመታት ሊያሳይ ይችላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በትግራይ ድርቅን ለመቋቋም አነስተኛ የመስኖ ግድቦች ተሠሩ። ሕዝቡ በጉልበቱ የተሳተፈበት፥ የተራበን ለማብላት የታሰበ ሥራ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በግድቦቹ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባ በሽታ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ 7 እጥፍ ያህል እንደሚበዛ አሳየ። የታቆረው ውኃ ለትንኝ መራቢያ ሆኖ ነበር። ጥናቱ ግድብ አይሠራ አላለም፤ የመስኖ ባለሙያውና የጤና ባለሙያው ከመጀመሪያው አብረው ይቀመጡ የሚል ትምህርት ግን ሰጥቶናል።

በስምጥ ሸለቆም እንዲሁ ነው። ሕዝቡ ከወንዝ ውኃ ደዌ እንዲድን የጉድጓድ ውኃ ተቈፈረለት። በብዙ ቦታ ግን የከርሰ ምድሩ ውኃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ አለበት። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፥ ለብዙ ዘመን ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ይህንም ዓይን ሳይሆን ላቦራቶሪ ብቻ ይለየዋል። በባንግላዴሽም ሕፃናትን ከተቅማጥ ለማዳን በእጅግ ብዙ ቍጥር የተቈፈሩ ጉድጓዶች አርሴኒክ የተባለ መርዝ እንዳለባቸው የታወቀው ሚሊዮኖች ከጠጡ በኋላ ነበር።

፫. የራሴ ስሕተት

የሌላውን ስሕተት ብቻ መዘርዘር አይገባኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር የውኃ ቦኖ ስናሠራ ከሰበካ ጉባኤው አባላት ጋር ተማክረን ቦኖውን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አደረግነው። ጥበቃ አለው፥ ንጽሕናው ይጠበቃል ብለን ነው። ምክሩ ላይ የነበርነው ሁላችን ወንዶች ነበርን። ምረቃው በዝማሬና በእልልታ ተፈጸመ።

በሁለተኛው ጉብኝቴ ሴቶች እንስራቸውን ተሸክመው ወደ ቀድሞው ምንጭ ሲወርዱ አየሁ። አንዲት እናት ምክንያቱን ስጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ በወር አበባችን ጊዜ ከቅጥሩ አንገባም፤ የወለደችውም ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን እስኪሞላት አትገባም። አራስ ቤት ደግሞ ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልግበት ነው» አሉኝ። ይህን ሥርዓት የማስተምረው እኔ ነኝ። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ውኃ የሚቀዱትን ስላልጠየቅሁ ነው። በኋላ ቧንቧውን ከቅጥሩ ውጭ አወጣነው፤ ገንዘቡም ለሌላ ደብር ታስቦ ከነበረው ላይ ተቀነሰ። ያ ሌላ ደብር በእኔ ስሕተት አንድ ዓመት ጠበቀ።

፬. ምን እናድርግ?

ጌታችን ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን ዕውሩን በርጤሜዎስን ምን ሊያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው (ማር. 10፥51)። የዕውርነቱ ነገር ተሰውሮበት አልነበረም። ሁሉን የሚችለው ከጠየቀ፥ የምንሳሳተው እኛማ እንዴት ሳንጠይቅ እንሠራለን? ሐዋርያትም የመበለቶች አገልግሎት ተጓደለ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ቅሬታውን አልናቁም፥ ብቻቸውንም አልወሰኑም። ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ሰዎችን ከመካከላቸው እንዲመርጡ አደረጉ (ሐዋ. 6፥1-6)። የዲቁና አገልግሎት የሚነሣው ቅሬታን ከመስማት እንደ ሆነ እኛ ዲያቆናት ልንዘነጋ አይገባም።

ስለዚህ ከኮሚሽናችንም ሆነ በውጭ አገር ከሚኖር የደብሩ ልጅ የልማት ስጦታ ሲቀርብ፥ ሰበካ ጉባኤው ምስጋናውን አቅርቦ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይገባዋል። ጥያቄ ማቅረብ ውለታ ቢስነት አይደለም፤ ረጂውንም ከስሕተት ማዳን ነው። ሥራው ከተመረቀ በኋላም ቢያንስ በዓመቱ ተመልሶ የሚያይ፥ ጉዳት ቢገኝም ሳይደብቅ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

ለውይይት

1. በደብራችን ተሠርቶ አገልግሎት ያልሰጠ ወይም ጉዳት ያመጣ ሥራ አለን? ሲታቀድ ማን ተጠየቀ? ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ?
2. አሁን በያዝነው ዕቅድ ላይ እናቶች፥ ወጣቶችና የሌላ እምነት ጎረቤቶቻችን በየትኛው ስብሰባ ተሰምተዋል?
3. ሥራው ውኃን፥ አፈርን ወይም ጤናን የሚነካ ከሆነ የትኛው ባለሙያ መርምሮታል?
4. ስሕተት ቢገኝ ማረሚያው ገንዘብ ከወዴት ይመጣል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።