ትንሿ ቅንጣት ምን ታደርጋለች?

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ ቅንጣት እንማማራለን። ቅንጣት ማለት በጣም ትንሽ የቁስ ቁራጭ ማለት ነው። ዱቄትም፣ ጭስም፣ አቧራም የቅንጣቶች ስብስብ ናቸው። እኛ ለዛሬ የአፈርን ቅንጣት እንይዛለን። ለምን ቢባል፣ የአርብ ገበያና የአካባቢዋ ገበሬ የሚኖረው በእሷ ነዋ!

ሀ. ሦስቱ የአፈር ቅንጣቶች

1. አሸዋ፦ ውፍረቱ ከ2 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። በጣት ሲታሽ ይሻክራል።
2. ደለል፦ ከ0.05 እስከ 0.002 ሚሊ ሜትር። እንደ ዱቄት ይለሰልሳል።
3. ሸክላ፦ ከ0.002 ሚሊ ሜትር በታች። ሲረጥብ ይጣበቃል፤ አንዷን ቅንጣት ለብቻዋ በዓይን ማየት አይቻልም።

ለ. ሙከራ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ባዶ ሃይላንድ፣ አንድ ጭብጥ የእርሻ አፈር፣ ውሃ።

አሠራር፦ አፈሩን ሃይላንዱ ውስጥ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ከድናችሁ በደንብ በጥብጡት። ከዚያ አስቀምጡትና ሳትነኩት ተመልከቱ።

የምታዩት፦ አሸዋው ወዲያው ከሥር ይተኛል። ደለሉ ቀስ እያለ በላዩ ይነጠፋል። ሸክላው ግን በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ሊቆይ ይችላል።

ሐ. ፊዚክስ ምን ይላል?

ሁሉም ወደ ታች የሚሳቡት በመሬት ስበት ነው። ታዲያ ለምን እኩል አይወርዱም? ውሃው ስለሚይዛቸው ነው። በረጋ ውሃ ውስጥ የደቃቅ ቅንጣት ውፍረት በ10 እጥፍ ሲያንስ የመውረድ ፍጥነቱ በ100 እጥፍ ያንሳል። 10 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ የሚፈጀውን ጊዜ እዩት፦

0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ አሸዋ፦ 11 ሰከንድ ገደማ
0.01 ሚሊ ሜትር የሆነ ደለል፦ 18 ደቂቃ ገደማ
0.001 ሚሊ ሜትር የሆነ ሸክላ፦ 30 ሰዓት ገደማ

መ. ኬሚስትሪ ምን ይላል?

አንደኛ፣ ቅንጣት ባነሰ ቁጥር የቅንጣቶቹ ጠቅላላ ገጽ ይሰፋል። ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ የድንች ኩብ ገጹ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ጎናቸው 1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ 1000 ኩቦች ብትከትፉት ግን ጠቅላላ ገጹ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሸክላ ለሰብል የሚሆነውን ምግብ አጥብቆ የሚይዘው አንዱ ምክንያት ይኸው ሰፊ ገጹ ነው።

ሁለተኛ፣ የሸክላ ቅንጣቶች ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። አንድ ዓይነት ሙል ደግሞ እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ ስለዚህ ቶሎ አይሰበሰቡም። በከተማ የውሃ ማጣሪያዎች አልሙኒየም ሰልፌት የሚጨመረው ይህን መገፋፋት ለማስቀረት ነው። ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይከብዳሉ፣ ይወርዳሉ። ኮንሶዎች ቅጠሉን የሚበሉት የሽፈራው ዛፍ ፍሬውም ተፈጭቶ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃ ጠለለ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም! ብዙ ጀርሞች እንደ ሸክላ ቅንጣት ደቃቅ ናቸው። የጠለለውንም ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ።

ሠ. ምህንድስና ምን ይላል?

ውሃ ሲፈጥን ይሸከማል፣ ሲረጋ ያወርዳል። በክረምት የእኛ ጎርፍ ወደ በሽሎ ይወርዳል፣ በሽሎም ከአባይ ይገባል። ጎርፍ እንደ ወንፊት ነው፤ ልሙን ያሳልፋል፣ ድንጋዩን ለእኛ ይተዋል። የሚሄደው እንግዲህ ምግብ የያዘው ምርጡ አፈር ነው።

ይህ አፈር ግድብ ሲያገኝ ይተኛል። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ በደለል ምክንያት ውሃ የመያዝ አቅሙ ቀንሶ ነበር። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድባችንም በዚሁ በአባይ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ማሳ ላይ የቀረች ቅንጣት ለገበሬውም ለግድቡም ትጠቅማለች።

ወላጆቻችን በበጋ የሚሠሩት እርከንና ክትር የጎርፉን ፍጥነት ይቀንሳል፤ አሸዋውና ደለሉ እዚያው ይቀራል። ሸክላው ግን 30 ሰዓት የሚጠብቅለት ጎርፍ ከየት ያገኛል? ስለዚህ እርከን ብቻውን አይበቃም። አፈሩ መጀመሪያውኑ እንዳይነሳ ሣርና ዛፍ ሊሸፍነው ይገባል። ፍግ የገባበት አፈር ደግሞ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ጓል ስለሚሠሩ ጎርፍ በቀላሉ አይበትናቸውም። እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ከነደደ ግን ለማሳው ምን ይቀርለታል?

የአምዱ ጥያቄዎች

1. 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?
2. ከእርከን በላይና ከእርከን በታች ካለ ማሳ አፈር አምጥታችሁ በሁለት ሃይላንድ ሞክሩ። ሸክላ የበዛው የትኛው ነው?

መልሳችሁን ለክበባችን አባላት ስጡ። እስከሚቀጥለው እትም ቸር እንሰንብት!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የሳይንስ አምድ