ድንች፣ አሬራና የአየርላንድ ገበታ

ጠያቂ፦ አባባ፣ አየርላንድ የሄደ መንገደኛ ባህላዊ ምግቧን ሊቀምስ ቢያስብ ከየት ይጀምር?

አዛውንት፦ ከዳቦው ይጀምር፣ ልጄ። ሶዳ ዳቦ ይባላል፤ እርሾ አይገባበትም። የአገሩ ስንዴ ለስላሳ በመሆኑ በእርሾ እምብዛም አይነሳም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጋገሪያ ሶዳ ሲመጣ ግን ለገበሬው ቤት ተስማማው። ዱቄት፣ ጨው፣ ሶዳና አሬራ ነው፣ በቃ። የአሬራው ኮምጣጣነት ሶዳውን ሲያገኘው ሊጡ ውስጥ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል። ስለዚህ ብዙ ሳይታሽ፣ ቶሎ ድቡልቡል ተደርጎ፣ አናቱ በቢላ በመስቀል ቅርጽ ተሰንጥቆ ምድጃ ይገባል፤ ስንጥቁ ሙቀቱን ወደ መሃል ያደርሰዋል።

ጠያቂ፦ ድንቹስ?

አዛውንት፦ ድንች የዚያ ሕዝብ ታሪክ ነው። ድሃው በቁራሽ መሬት ቤተሰቡን የሚያኖረው በድንች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 ቅጠሉንም ድንቹንም የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። እስከ 1852 በዘለቀው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ተሰደደ። ሰው በረሃብ ሲረግፍ እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም ነበር። መንገደኛው ይህን አውቆ ወደ ገበታው ቢቀርብ ይሻለዋል።

ጠያቂ፦ ታዲያ ድንቹን እንዴት ይሠሩታል?

አዛውንት፦ ቦክስቲ ለሚባለው የድንች ቂጣ ጥሬው ድንች ተፈቅፍቆ በጨርቅ ይጨመቃል፤ ከተደቆሰ ቅቅል ድንች፣ ከዱቄትና ከአሬራ ጋር ተለውሶ ምጣድ ላይ ይጋገራል። በሰሜን ምዕራብ፣ በሊትሪም አካባቢ፣ በጣም ይወደዳል። ኮልካነን ደግሞ ቅቅል ድንች ከጎመንና ከትኩስ ወተት ጋር ተደቁሶ ነው። መሃሉ ጎድጎድ ይደረግና ቅቤ ይቀልጥበታል፤ በላተኛው ከዳር እየቆረሰ ቅቤው ውስጥ ያጠቅሳል። ከሁሉም የሚጣፍጠው ይህ ነው።

ጠያቂ፦ አሳማ ለማይበላስ?

አዛውንት፦ አስቀድሞ ይጠይቅ። የቁርሱ ሳህን ላይ ቤከንና የአሳማ ቋሊማ አይጠፋም። ጥቁሩ ቋሊማ ደምና አጃ ነው፤ በኮርክ አውራጃ ያለችው ክሎናኪልቲ ከተማ የታወቀችበት። የደብሊኑ ኮድልም ቋሊማና ቤከን ከድንች ጋር የተቀቀለ ነው። የአይሪሽ ወጥ ግን የበግ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት ነው፤ ሙስሊም ከሆነ ሥጋው ሐላል መሆኑን ያረጋግጥ።

ጠያቂ፦ በጾም ቀን የደረሰ ሰውስ?

አዛውንት፦ አሬራው ዳቦውና ቦክስቲው ውስጥ፣ ወተቱና ቅቤው ኮልካነኑ ውስጥ ስላለ ሁሉም ይቅሩበት። ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በጨው ብቻ ይዘዝ፤ የዚያ አገር ድሃም ለዘመናት የበላው እንዲሁ ነው።