አሮጌ መኪና ፈትቶ ለሚሸጥ ወጣት የቀረበ ምክር

ልጄ፣ አሮጌ መኪና እየገዛህ ልትፈታና ዕቃውን ልትሸጥ እንደተነሳህ ሰማሁ። አብሽር፣ ሥራው የተባረከ ነው። አንድ ባሌስትራ ወይም አንድ ካምቢዮ ፍለጋ ደሴ ድረስ የሚመላለስ ባለመኪና እዚሁ አጅባር ላይ ካገኘው ለእሱም ለአገሩም ጥቅም ነው። ካረጀ መኪና የሚወጣው ግን የሚሸጥ ዕቃ ብቻ አይደለም። የማይሸጠውን የት እንደምታደርገው ዛሬ ካልወሰንክ፣ ነገ በአንተ ምትክ ዝናቡ ይወስናል። እኔ በጋራዥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የምለውን በቅደም ተከተል ያዘው።

1. ቦታ ስትከራይ ከኪራዩ በፊት ተዳፋቱን እይ። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ከአጅባርም ይሁን ከመካነ ሰላም የሚወርደው ውሃ ገደል ለገደል እየተንደረደረ በመጨረሻ ዓባይ ይገባል። እዚያ ሳይደርስ ግን ሰው ይቀዳዋል፣ ከብት ይጠጣዋል። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ምንጩ ከየት እንደሚፈልቅ፣ የጉድጓድ ውሃ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቅ። ከምንጭ በላይ አትቀመጥ። ቦይ ዳር ርካሽ ቦታ ቢሰጡህም ተወው። ቦታውን ካገኘህ በኋላ የመጀመሪያው ገንዘብህ ለቆርቆሮ ጣሪያና ለሲሚንቶ ወለል ይሁን፤ የወለሉ ዳርና ዳር ትንሽ ከፍ ብሎ ይሠራ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ታውቀዋለህ። ዘይት የጠጣ መሬት ያን ዝናብ ሲያገኝ የሚሆነውን ከመንደሩ በታች ያሉት ያዩታል።

2. መኪናው እንደገባ ብሎን ከመፍታትህ በፊት ፈሳሹን አውጣ። የቅርጫ በሬ ሲታረድ ፈርሱ ሥጋውን እንዳይነካ እንደሚጠነቀቁት አድርገህ ያዘው። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ነዳጅ፤ ሁሉም በየራሱ ዕቃ ይቀመጥ፣ በላዩም ስሙ ይጻፍ። መቀላቀል ያከስርሃል። የተቃጠለ ዘይት ብቻውን ሲሆን ገዢ ይኖረዋል፤ ቤንዚን ወይም የፍሬን ዘይት የገባበትን ግን ማንም አይወስድልህም፤ በርሜሉ ግቢህ ውስጥ ይቀራል። የራዲያተር ውሃ አንቲፍሪዝ ካለበት ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ከብትም ይጠጣዋል፤ ይገድላቸዋል። እሱን ክዳን ባለው ጀሪካን ዘግተህ አስቀምጥ።

ስለ ተቃጠለ ዘይት ጥቂት ልጨምር፤ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይዘናጋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአንድ መኪና የዘይት ቅያሪ የሚወጣው ብቻ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹህ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ይናገራል፤ ይህ ለ50 ሰው ዓመት የሚበቃ ውሃ ነው። በእኛ መንገድ የሚመላለሰው አይሱዙ ሞተሩ የሚይዘው ደግሞ ከቤት መኪናው ይበልጣል። ዘመድ መጥቶ «ለአጥር እንጨቴ፣ ምስጥ እንዳይበላው» ይልሃል። ሌላው ለግቢው አቧራ፣ ሌላው ለከብቱ ቁስል ይጠይቅሃል። ሰው ማስቀየም ለወሎ ሰው ከባድ ነው፤ ቢሆንም አትስጥ። በዘይቱ ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና ካንሰር የሚያመጣ ነገር አለ። ባዶውን የዘይት ጀሪካንም ለውሃ ወይም ለጠላ ማስቀመጫ ብለህ አትሽጥ፤ በሳሙና ብዛት አይጠራም።

3. ባትሪ አትስበር። ይህን ከሁሉ በላይ አደራ እልሃለሁ። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው አሲድ ነው። ሰው አሲዱን ደጅ ደፍቶ እርሳሱን በብረት ድስት ሲያቀልጥ አይተሃል፤ ጥቂት ብር ያገኛል። ሴኔጋል ውስጥ ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ልጆቹ እርሳስ በገባበት የሰፈሩ አፈር ላይ ይጫወቱ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥም ሞምባሳ ከተማ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል ሰፈር አጠገብ የባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነበር። እዚያ ተቀጥራ የምትሠራው ፊሊስ ኦሚዶ ልጇ ታሞባት ብታስመረምረው በደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ሥራዋን ትታ ከሰፈሩ ሰው ጋር ተሟገተች፤ ፋብሪካውም ተዘጋ። ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈረደ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን ደም ጉዳት የሌለው የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ስለዚህ ባትሪውን ሙሉውን፣ አሲዱ ውስጡ እንዳለ፣ ቀጥ አድርገህ ከጣሪያ ሥር በጣውላ ላይ አቁም፤ ሙሉውን ሽጥ። «አሲዱን ደፍተህ አምጣ» የሚልህ ገዢ መርዙን ላንተ ጥሎ ትርፉን ለራሱ ሊወስድ ነው፤ ከእሱ ጋር አትዋዋል። ድንገት ቢፈስብህ ኖራ ወይም ቤኪንግ ሶዳ በትንበት፤ ለዚህ ብለህ አንድ ባልዲ ሙሉ አጠገብህ ይኑር። ማታ ቤት ስትገባ የሥራ ልብስህን እዚያው ጋራዥ አውልቀህ ግባ። ልጅህን ያቀፍክበት ቱታ የእርሳስ ብናኝ ሊኖረው ይችላል።

4. ጎማ አታቃጥል። ከውስጡ የሚወጣው ሽቦ የሚያስገኘው ገንዘብ የጎረቤትህን ሳል አይከፍልም። ያለቀ ጎማ በረባሶ ለሚሠሩና ገመድ ለሚቆርጡ ስጥ። የኤሌክትሪክ ገመድም መዳቡን ለማውጣት በእሳት አይነካ፤ በቢላ ይላጥ። የፍሬን ሸራ ስትፈታ ብናኙን በኮምፕረሰር አትንፋ፤ አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በውሃ አርጥበህ ጥረገው።

5. ሕጉን እወቅ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢህ ገብቶ እንዲያይ ሥልጣን ይሰጠዋል። በዚያው አዋጅ ማንም ሰው ጉዳት ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ከታች ምንጭ የሚቀዳው ገበሬ ብቻ ሳይሆን መንገደኛም ቢሆን ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አደገኛ ቆሻሻን የተመለከተ ነው፤ ባትሪህንና ዘይትህን ስትይዝ እሱን አስብ።

አሁን የምመክርህን ብዙ ሰው አይወደውም። ተቆጣጣሪው ሳይመጣብህ አንተ ወደ ወረዳው ሂድ። «ይህን ሥራ ልጀምር ነው፣ መጥታችሁ እዩልኝና የጎደለውን በጽሑፍ ስጡኝ» በል። የሰጡህን ወረቀት ግድግዳ ላይ ስቀለው። የወረዳ ሰዎችም ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ ደረሰኝ ብቻ ይዞ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ለድሃ ጋራዥ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ቀን የሚታየው ዘይት ሌሊት ቦይ ይገባል። መጀመሪያ መጥቶ በርሜሉን የት እንደሚያስቀምጥ ቢያሳየው፣ ጊዜ ቢሰጠውና ቀኑ ሲደርስ ተመልሶ ቢያይ፣ በሦስተኛው ቢቀጣ ማንም አያማርርም።

6. ብቻህን አትችለውም። አንድ ጋራዥ የሚያጠራቅመው በርሜል ለሚገዛው ሰው የነዳጅ ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ገዢ ከሩቅ አይመጣም፤ የሚመጣልህ ፈቃድ የሌለው ነው። ጎሚስታው፣ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው፣ የባጃጅ መካኒኩና አንተ ሆናችሁ አንድ መጋዘን ሥሩ፤ እንደ እድር ደንብ አውጡለት፣ ቁልፉንም በተራ ያዙ። ሙሉ ጭነት ሲሆን በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ በሚመለስ መኪና ይጫናል፤ ኪራዩን ትካፈላላችሁ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድም ዕቃ ገዝተህ ብቻ አትመለስ፤ ሶማሌ ተራ የተፈታ ዕቃ እንዴት ተለይቶ እንደሚደረደር ተመልከት። ምናለሽ ተራም ግባ፤ ሌላው የጣለው ቆርቆሮና ብረት በእጅ ጥበብ ምድጃና ባልዲ ሲሆን ታያለህ። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታችሁ ብድር ብትጠይቁ፣ ማመልከቻው ላይ የወለሉንና የመጋዘኑን ወጪ ከክሪኩና ከብየዳ ማሽኑ ጎን ጻፉት።

7. ደብተር ያዝ። መኪናው የገባበት ቀን፣ ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ሊብሬውን ያመጣው ሰው፤ ከዚያ ስንት ሊትር ዘይት ወጣ፣ ስንት ባትሪ፣ ማን ወሰደው። የተሰረቀ መኪና ገዛህ ተብለህ ብትጠየቅም የሚያድንህ ይኸው ደብተር ነው።

8. ሥራው እየበዛ ነው የሚሄደው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጀ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ማገዱ ተነገረ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና እስከ መጨረሻው ይነዳል፣ ዕቃው ይፈለጋል፣ ሲያልቅም አንተ ጋ ይመጣል። የኤሌክትሪክ መኪናም አንድ ቀን ደጅህ ይቆማል። የእሱን ትልቅ ባትሪ ሥልጠና ሳትወስድ አትክፈት፤ የሚይዘው ኃይል ሰው ይገድላል፣ ከተቀጣጠለም በውሃ ባልዲ አይጠፋም።

9. ረዳት ልጆችህን ጠብቅ። ነዳጅ በአፍ በቱቦ መሳብ ይቅር፤ የእጅ ፓምፕ ግዛ። በቤንዚን እጅ መታጠብ ይቅር፤ ሳሙናና ሰጋቱራ ይበቃል። ልጁ ምሳውን የሚበላበት ቦታ ከባትሪው መደርደሪያ ይራቅ። ጓንት ግዛላቸው፤ ሲቀደድ ሌላ ግዛ፤ ዋጋውን ከዕቃው ሽያጭ አንሳ እንጂ ከልጁ ደመወዝ አትቁረጥ።