ይሉኝታን ቤት አስቀምጣችሁ ሂዱ

ቅዳሜ ቀትር ላይ ዱከም ዋናው መንገድ ዳር ቁሙ። ከአዲስ አበባ የመጡ መኪኖች በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ ተደርድረዋል፤ ቢላዋ ይፋጫል፣ አዋዜና ሚጥሚጣ ይቀርባል፣ ጥሬው በኪሎ ይመዘናል። አዲስ አበቤዎች ለአንድ ምሳ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው እኛ ዘንድ ይመጣሉ። እኛስ? «አዲስ አበባን ዞሬ ማየት? እሱማ ገንዘብ ሲኖረኝ ነው» እንላለን።

እንዲህ ያለችኝ ጎረቤቴ ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ጫማ ትሰፋለች። የሰፋችው ጫማ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ እሷ ግን አራት ኪሎን ረግጣ አታውቅም ነበር።

አልፈረድኩባትም። የእኔን የመጀመሪያ ጉዞ ያከሰረው ግን የብር ማነስ እንዳይመስላችሁ፤ ይሉኝታ ነው። ቃሊቲ እንደ ወረድኩ እንግዳ እንዳልመስል ብዬ ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ። ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ ገብቼ፣ ዋጋ መጠየቅ አፍሬ፣ ማኪያቶና ኬክ አዘዝኩ። ሒሳቡ በትንሽ ሰሃን ላይ ተገልብጦ መጣ። ሜኑው ላይ በጨረፍታ ያየሁት ዋጋ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ ተጨምሮበት ሌላ ዋጋ ሆኗል። ብሮቼን ከጠረጴዛው ሥር አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አስተናጋጇ ግድግዳውን የምታይ መስላ ጠበቀችኝ፤ ለጨዋነቷ ዛሬም አመሰግናታለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ ኪሴ ግን ያው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ጎረቤቴን በዕረፍት ቀኗ ጎትቼ ወሰድኳት። ሳሪስ አክስት አላት፤ ዘመድ ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም። ኬክ ልትገዛ ስታስብ ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ እስር እሸት ሽምብራ አስገዛኋት። የአድአ አፈር ያበቀለው፣ ጤዛው ያልረገፈ! የአክስት ልጆች ተሻሙበት፤ ቁርሳችንም በአክስት ተሸፈነ።

አሁን ዘዴውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ከተማ ናት። ሽቅቡን በታክሲ፣ ቁልቁለቱን በእግር! እስከ ስድስት ኪሎ በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ ውጡ። ታሪፉን ከረዳቱ በፊት አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ። አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል፤ በ1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ጊዜ ለተጨፈጨፉት ወገኖቻችን መታሰቢያ ነው። ቆሞ ለማሰብ የሚከፈል ነገር የለም። እዚያው ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር።

ትንሽ ወረድ ስትሉ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ድንቅነሽን በ1967 ዓ.ም ሐዳር ላይ ካገኟት ወዲህ የዓለም ምሁር ስሟን ሲያነሳ ይኖራል። የምታዩት ቅጂዋን ነው፤ እውነተኛው አፅም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ፈረንጅ ውቅያኖስ ተሻግሮ ለሚያየው ነገር ኢትዮጵያዊ የሚከፍለው መግቢያ ከውጭ ዜጋው በብዙ ያነሰ ነው። ጎረቤቴ መስታወቱ ፊት ቆማ በእጇ ከወገቧ ጋር ለካቻት። «ይቺ ናት 3.2 ሚሊዮን ዓመት የኖረችው?» አለችኝ። ኖረች እንኳ አይባልም፤ ግን አላረምኳትም፤ ዓይኖቿ በርተው ነበር።

ምሳችን ከቤት የያዝነው ዳቦና ከመንገድ የገዛነው እርጥብ ሆነ። ቃሪያው ሲያቃጥላት ሳቀች፤ ሰው ያየኛል ብላ አልዞረችም። ከዚያ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። በ2014 ዓ.ም የተከፈተ ነው፤ መታወቂያችሁን ብቻ ያዙ። ካፌ ውስጥ ወንበሩንም ጭምር ነው የምትከፍሉት፤ እዚህ ግን ወንበሩም መጽሐፉም ጸጥታውም በነጻ ነው። ጎረቤቴ አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቷን ሳታቀና አነበበች። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የምታጎነብስ ልጅ እንደ ገና ስታጎነብስ ማየት እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ቃሊቲ ደረስን። «ዱከም! ዱከም! አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው!» ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን እንደ ተቀመጥን የተረፋትን ብር ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ በረዳቱ ፊት፣ መቁጠር ጀመረች። ቆጥራ ስትጨርስ ቀና አለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እንጦጦ ደርሶ ለመመለስ ስንት ይበቃል?» ስትል ጠየቀች።

ሚኒባሱ ሙሉ በአንዴ መለሰላት።