የአሠራርን ቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ትምህርት አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ድርሰት አጻጻፍን ትመለከታላችሁ። የእንዲህ ያለው ድርሰት አንባቢ እያነበበ ይሠራል፤ ያልገባውን ጸሐፊውን መልሶ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ የአንቀጽ አገባብ ስሕተት እዚህ ላይ የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ያረረ ድስት ይሆናል።

ለምሳሌ የወሰድነው ጊኒሊንግ የተባለውን የፊሊፒንስ ወጥ ነው። ስለ ዶሮ ወጥ ብትጽፉ ያጎደላችሁትን አንባቢው ከልማዱ ይሞላዋል። በማያውቀው ምግብ ግን ያው ልማዱ ያሳስተዋል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

«ጊኒሊንግ በፊሊፒንስ ቤቶች ጊዜ ሲያጥር የሚሠራ፣ ከነጭ ሩዝ ጋር የሚበላ ወጥ ነው። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ወይም የአሳማ ሥጋ፣ 2 ድንች፣ 1 ካሮት፣ 2 ቲማቲም፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያስፈልጋል። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ሽንኩርቶቹና ቲማቲሙ ይደቅቃሉ፤ ድንቹና ካሮቱም ተልጠው የባቄላ ፍሬ በሚያህል መጠን ይከተፋሉ። ከዚያም ዘይቱ ግሎ ነጭ ሽንኩርቱ ይጨመራል። ጠርዙ መቅላት እንደ ጀመረ ቀይ ሽንኩርቱ ይገባል፤ እርሱ ከለሰለሰ በኋላም ቲማቲሙ ተጨምሮ እስኪፈርስ ድረስ ይማሰላል። ቀጥሎ ሥጋው ገብቶ፣ እየተፈረፈረ፣ ቡናማ እስኪሆን ይቁላላል። በመጨረሻ ድንቹና ካሮቱ ታክለው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተጨምሮበት፣ ድስቱ ተከድኖ በመጠነኛ እሳት 12 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ማጣፈጫው ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና በአገሩ ልማድ ከዓሣና ከጨው የሚወጣው ፓቲስ የተባለ ፈሳሽ ነው።»

ስሙ ራሱ የሰዋስው ትምህርት አለው። በታጋሎግ ቋንቋ «ጊሊንግ» መፍጨት ማለት ነው። ከመጀመሪያው ተነባቢ ቀጥሎ «ኢን» ሲሰገሰግበት «ጊኒሊንግ»፣ ማለትም የተፈጨ፣ ይሆናል። እኛ «ፈጨ» ከሚለው «የተፈጨ» የምንለው ከፊት ባዕድ መነሻ ጨምረን ነው፤ እነርሱ ግን ቃሉን ከፍተው ያስገቡበታል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ እንመለስ። የእኛ ቁሌት በቀይ ሽንኩርት ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜም ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ከበሰለ በኋላ ዘይቱ ይከተላል። እዚህ ግን ዘይቱ ይቀድማል። «ሽንኩርቶቹንና ቲማቲሙን በዘይት አቁላሉ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሐሰት አልጻፈም፤ ሆኖም ሦስቱ አብረው ከገቡ የቲማቲሙ ውሃ ድስቱን ስለሚያቀዘቅዘው ነጭ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ወጡም ሌላ ጣዕም ይይዛል።

ይህን ቅደም ተከተል በአማርኛ ከሚጠብቁልን መካከል ዋነኛው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ግሎ፣ ተጨምሮ፣ ገብቶ፣ ተከድኖ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሩን አይዘጉም፤ ከማሰሪያ አንቀጹ በፊት የተፈጸመውን ድርጊት ያመለክታሉ። «ዘይቱ ግሎ ነጭ ሽንኩርቱ ይጨመራል» የሚለውን «ነጭ ሽንኩርቱ ተጨምሮ ዘይቱ ይግላል» ከሚለው ጋር አስተያዩ። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ሥራው ግን ተገልብጧል። «እየተፈረፈረ» የሚለው ደግሞ ከመቁላላቱ ጋር አብሮ የሚሆነውን ድርጊት ያሳያል።

«ሲ» በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። «ሥጋው ሲበስል ድንቹ ይጨመራል» ብትሉ አንዱ አንባቢ «በመብሰል ላይ ሳለ»፣ ሌላው «ከበሰለ በኋላ» ብሎ ይረዳዋል። ጊዜውን ለመለየት «እንደ ጀመረ»፣ «ከለሰለሰ በኋላ»፣ «እስኪሆን» የመሳሰሉትን ምረጡ።

ከምንባቡ ሐረጎች ሁሉ በቀላሉ የሚዘነጋው ግን «የባቄላ ፍሬ በሚያህል መጠን» የሚለው ነው። ለወጥ ድንችን ለሁለት ወይም ለአራት መክፈል የለመደ ሰው ይህ ካልተነገረው በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚያገኘው ጥሬ ድንች ነው፤ ጥፋቱም የጸሐፊው ነው።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ቦዝ አንቀጾችን አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ባለቤት አመልክቱ።

2. «ካሮቱ ሲለሰልስ ጨው ይጨመራል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁለቱ ትርጉሞቹ እንዲለዩ አድርጋችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

3. በቤታችሁ የሚሠራ አንድ ምግብ መርጣችሁ አሠራሩን ፈጽሞ ለማያውቅ አንባቢ በአንድ ገጽ አስረዱ። ጽሑፉን ለጓደኛችሁ ስጡት፤ «ከዚያስ?» ብሎ በጠየቀበት ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።